ለአዲሱ መጽሐፍ ሽማግሌ ላክን

እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እንደውም አላቆምኩም፤ ትምህርቱ ነው እኔን ያልቻለኝ። ይሄን ከወዲሁ የምናገረው አንዳንዱ ሰው "አንተ ደግሞ ስለ መጽሐፍ ምን አገባህ?" ብሎ ሙድ እንዳይዝብኝ ነው። ጎፋ ላቫጆ ቤት መኪና አጥባለሁ። እኔ ያጠብኩት መኪና ባለቤቱን ይንቃል፤ "በዚህ ጫማህ ነው የምትገባብኝ?" ይለዋል። በእጄ እንደዚህ ነኝ፤ በአፌ ደግሞ ከእጄ እበልጣለሁ። አንብቤ የጨረስኩት መጽሐፍ የለም። የኖርኩበት ግን አንድ አለ።

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። የፊተኞቹ ገጾችም ተገንጥለው ጠፍተዋል። እንግሊዝኛ ነው። ያመጣው ዳኛችን ነው። ዳኛ የምንለው ፍርድ ቤት ስለሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ልጁ ቀለም ቀቢ ነው። አንድ ፈረንጅ ተከራይቶ የለቀቀውን ቤት ሲቀባ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሄን መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ አገኘ። የቤቱ ባለቤት "ቆሻሻ ነው፣ ጣለው" አለችው። እሱ ደግሞ ነገር መጣል አይችልም። ዳይሶቹ እንደ ሉዶ ዳይስ ስድስት ፊት ብቻ አይደሉም፤ ባለ አራት አለ፣ ባለ ስምንት አለ፣ ትልቋ ደግሞ ባለ ሃያ ፊት ናት፤ ስትንከባለል ቶሎ አትቆምም፣ ነፍስህን ይዛ ነው የምትዞረው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰውዬ ይፈጥራል፤ ጉልበቱን፣ ብልጠቱን፣ ምናምኑን ወረቀት ላይ ይጽፍለታል። ዳኛው ታሪኩን ይናገራል። "ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። አንተ "እዘላለሁ" ትላለህ። ዳይስ ትጥላለህ። ሃያ ከመጣ ወፍ ነህ፤ ሶስት ከመጣ ውሃ ወሰደህ። የሚያሸንፍ የለም፣ ታሪኩ ይቀጥላል እንጂ። መጀመሪያ ሲነግረኝ "የሥራ ፈት ተረት" ብዬ ስቄበታለሁ። ከዛ አንድ እሁድ ተጫወትኩ። ሳምንቱን ሙሉ መኪና እያጠብኩ ስለ ድልድዩ ሳስብ ከረምኩ።

ከዳኛው ጋር አራት ነበርን። አንዱ ጎሚስታ ነው፤ ጎፋ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል፣ ከሶዶ ነው የመጣው፣ ክንዱ ክሪክ ነው፣ መኪና በእጁ ቢያነሳ አይገርመኝም። ጴንጤ ነው፤ እኔ ዘፈን ከፍቼ ሳጥብ እንኳ ከማዶ መጥቶ "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንስልኝ" ብሎ ነው የሚለምነኝ። ሌላው ተማሪ ነው፤ ነፋስ ስልክ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል፣ ኮሌጅ አካውንቲንግ ይማራል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ እኔን ታውቁኛላችሁ።

መጽሐፉ ላይ የጎደለውን ዳኛው ከራሱ ሞላው። የጎሚስታው ሰውዬ በመጽሐፉ መሠረት አስማተኛ መሆን ነበረበት። "አስማት የሚባል ነገር አልነካም" አለ ጎሚስታው፣ ተነስቶ ሊሄድ። ዳኛው አሰበ አሰበና፣ "እሺ፤ ያንተ ሰውዬ ይጸልያል። ጥሩ ቁጥር ከመጣ ጌታ ሰማው፤ ካልመጣ ፈቃዱ አይደለም" አለው። ጎሚስታው ተመልሶ ተቀመጠ። የኔ ሰውዬ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው። ዳኛው በታሪኩ ውስጥ ቀን ይቆጥራል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሰውዬዬ ሥጋ አይቀምስም። አንድ ጊዜ ንጉሥ ግብር ጠርቶን፣ ሙክት ታርዶልን፣ ጠረጠርኩና "ዳኛ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አልኩት። "ዓርብ።" እኔ ራሴ የማልጾመውን ዓርብ ሰውዬዬ ጾመው። እናቴ ብትሰማ እኔን ትታ እሱን ነበር የምትመርቀው።

ሰውዬ ሲሞትም ወግ ነበረው። የሞተበት ልጅ ዕለቱን አዲስ አይፈጥርም፤ ጨዋታው ይቆምና ስለ ሟቹ እናወራለን፤ ሰልስት ነው የምንለው። "ሲሳደብ ያምርበት ነበር" እንላለን። "ለጓደኛ ሟች ነበር" እንላለን። ተማሪው የመጀመሪያ ሰውዬው የሞተበት ቀን አልቅሷል። ዛሬ ብትጠይቁት ይክዳል።

ደሞ ዳኛው ቀለም ቀቢ ስለሆነ ግድግዳ አያልፍም። "ዋሻው ውስጥ አንድ ክፍል ገባችሁ" ይላል። "ግድግዳው ድሮ አረንጓዴ ነበር። ከታች እርጥበት በልቶታል፤ ከላይ የቀባው ሰው ቸኩሏል፣ ብሩሹ የሄደበት መስመር ይታያል።" እኛ ዘንዶ እየጠበቀን!

"ዳኛ፣ ዘንዶውስ?"

"ቆይ፤ ዘንዶው የትም አይሄድም።"

ከዛ ዳኛው ወደቀ። ለቡ አንድ ፎቅ በውጭ በኩል ሲቀባ መወጣጫው ከዳው። ሆስፒታል ከረመና እናቱ ቤት ተመለሰ። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ጭንቅላቱም ተመትቷል፤ ያወራል፣ ያስባል፣ ይቀልዳል፤ ግን ዓይኑን ፊደል ላይ ካሳረፈ ሁለት መስመር ሳይሞላ ራሱን ይፈልጠዋል። ስልክ ማየትማ ጭራሽ አይችልም። ለጨዋታው ይሄ ምንም አላጎደለብንም፤ መጽሐፉን በቃሉ ነው የሚያውቀው።

እናቱ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ጠረጴዛ አይገባም፤ ስለዚህ ዳኛው ራሱ ጠረጴዛ ሆነ። ደረቱ ላይ ትሪ እናስቀምጣለን፣ ዳይስ እዛ ላይ እንጥላለን። እሱ ሲስቅ ትሪው ይነቃነቃል፣ ዳይሱ ይገለበጣል።

"ተቆጠረ! አስራ ስምንት ነበር!"

"አልተቆጠረም! አራት ነው ያለው፣ ዓይን የለህም?"

"እኔ ስስቅ የተገለበጠ የእግዜር ነው" ይላል ዳኛው። ይቺም ህግ ሆነች።

ጀርባው ግን ቆሰለ። ከመተኛት የሚመጣ ቁስል ነው፤ እናቱ እያገላበጠች ታጥበዋለች፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይከፈታል። ክፍሉ ሽታ ያዘ። ማናችንም ስለ ሽታው አላወራንም። ተማሪው በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ፤ "እዚህ ጋ ኔትወርክ ይሻላል" ይላል። አንድ እሁድ ፈተና አለብኝ ብሎ ቀረ፤ በሌላው ሆዱን አመመው። ዳኛው አይጠይቅም። የቀረውን ልጅ ሰውዬ በታሪኩ ውስጥ ያስተኛዋል፤ "ደክሞት እንቅልፍ ወስዶታል፣ ተሸከሙት" ይለናል። እንሸከመዋለን።

መሸከም ትልቁ ህጋችን ነበር። የቆሰለ ሰውዬ በቀን የሚያገግመው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። በደንብ ከቆሰለ እስኪድን ብዙ ይቆያል፤ እስከዛ ሌሎቹ ይሸከሙታል፣ መንገዱ ይዘገያል፣ ስንቅ ያልቃል። ጥሎ መሄድ የለም። የኔ ሰውዬ የጎሚስታውን ሰውዬ በረሃ ሙሉ አዝሎ አሻግሮታል። ይሄን ጎፋ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ መኪና ልታሳጥብ የመጣች ሴትዮ "እና ባለ በረሃው፣ ጎማውንም እጠብልኝ" ብላኛለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ተማሪው ጎሚስታው ጋ መጣ፤ እኔም ምሳዬን እየበላሁ እዛው ነበርኩ።

"አዲሱ እትም ወጥቷል" አለ።

"የምኑ?"

"የጨዋታችን ነዋ! ቴሌግራም ላይ አገኘሁት። እኛ'ኮ ድሮ የተተወ ነገር ነው የምንጫወተው። ዓለም ጥሎን ሄዷል።"

"ዓለም መቼ ይዞን ያውቃል?" አልኩት።

ጎሚስታው ሳቀ። ተማሪው አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ ያስረዳን ጀመር። አዲሱ ላይ ዳይስ አንዴ ነው የሚጣለው፣ በየደቂቃው መደመር መቀነስ የለም። ሰውዬ መፍጠር እንደ ድሮው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰውዬህ በቀላሉ አይሞትም።

"ቢቆስል ደግሞ" አለ፣ "አንድ ሌሊት ከተኛ ጠዋት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይነሳል።"

"የትኛውም ቁስል?" አለ ጎሚስታው።

"የትኛውም ቁስል።"

ሶስታችንም ወደ ለቡ በኩል አየን። ምን እያሰብን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

"መሸከምስ?" አልኩ።

"መሸከም የለም። አሮጌው መጽሐፍ ላይም የለም፤ የቀሩትን ገጾች በሙሉ ፈልጌያለሁ። ራሱ ዳኛው ነው የጨመረው።"

"ቢጨምርስ?"

"ህግ አይደለም እያልኩህ ነው።"

"ሰልስትስ? ጾምስ? የዚህ ጸሎትስ?"

"እሱ ሁሉ የኛ የሰፈር ነገር ነው" አለ። "በትክክሉ እንጫወት ነው የምለው። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ሌላው ዓለም እንደሚጫወተው።"

ጎሚስታው አንድ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ገንዳ ውስጥ እየነከረ ያገላብጥ ነበር። "ዳኛው እንዴት ሊያነበው ነው?" አለ ቀና ሳይል። "ስልክ አያይም'ኮ።"

"እኔ አንብቤዋለሁ። እኔ እዳኛለሁ።"

"የት?"

"እዚሁ። ሥራ ካለቀ በኋላ ጎማዎቹን ገፋ አድርገን። ለቡ ድረስ ምን ያስኬደናል?"

ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው በዓይን አይታይም። ውሃ ውስጥ ነክረህ ታዞረዋለህ፤ አረፋ የወጣበት ጋ ጣትህን ታደርጋለህ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። አረፋው የት እንደወጣ ሁለታችንም አይተናል።

በተማሪው አልፈርድም። እንዲህ ስል ደግነቴን ላሳያችሁ አይደለም፤ እኔም ከዛ ቤት ስወጣ ታክሲ ጠብቄ ሳይሆን አየር ጠብቄ የቆምኩበት ቀን አለ። እሁድ ሰው የሚያርፍበት ቀን ነው። እኛ ደግሞ ስድስት ቀን ደክመን በሰባተኛው የምንሄደው ወደማይድን ሰው ነው።

"ዝም ብለን ቀስ በቀስ እንቅር" አለ ተማሪው።

"ዝም ብሎ መቅረትማ ኃጢአት ነው" አለ ጎሚስታው። "ይነገረው።"

"ማን ይነግረዋል?"

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የኔ ጭንቅላት ትምህርት ስላልገባበት ሰፊ ቦታ አለው። "ሽማግሌ እንላክ" አልኩ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ብልጠቴንም ልንገራችሁ። ሽማግሌ ተልኮበት የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤት የለም። "እንመካከርበት" ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ሁለተኛ ስትሄድ "አጎቷ ከክፍለ ሀገር ይምጣ" ይላል። እስከዛ የተማሪው ፈተና ይደርሳል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ስለ አዲሱ እትም የሚያወራ ይጠፋል። እኛም እንደለመድነው ለቡ። በአክብሮት አስጠይቄ በወግ ላስከለክል። ይሄን የመሰለ ዘዴ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው አያመጣውም።

አንድ እውነተኛ ሽማግሌ ግን ያስፈልግ ነበር። የላቫጇችን ጥበቃ ጋሼ፣ ስንቱን አጋብተዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል። ሄድኩባቸው።

"ጋሼ፣ ለሽምግልና ፈልጌዎት ነበር።"

"ጎሽ! ልታገባ? ማናት ያበደችው?"

"ለኔ አይደለም። መጽሐፍ ልንቀይር ነው።"

"ሃይማኖት ልትቀይር?" ብለው ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ።

"ኧረ የጨዋታ መጽሐፍ ነው! የእሁዱ ጨዋታ። ያ የወደቀው ልጅ ጋ ያለውን።"

ፊታቸው ተለወጠ። የላቫጆውን አጥር የቀባው እሱ ነው፤ ሲቀባ ሻይ ያቀርቡለት ነበር። "እሱ ልጅ አለ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው። "አለ" አልኳቸው። "ነጭ ጋቢዬን ላጥባ" አሉና ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

እሁድ ጠዋት ሄድን። ጋሼ በነጭ ጋቢ፣ ጎሚስታው የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፤ ኮቱ ክንዱ ላይ ሊተረተር ደርሷል። እኔ ጫማዬን በመኪና ሻምፖ አጥቤያለሁ። ተማሪው እንደ ሙሽራ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ለስላሳ ከፍቶ ቁጭ አለ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌ እስኪደመጥ ድረስ አይቀመጥም፤ በወጉ ደጅ ላይ ቆመን ቀረን። እናትየው በሩን ከፈተች። አንድ ባለ ነጭ ጋቢ ሽማግሌ፣ አንድ ባለ ኮት፣ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ። "ግቡ እንጂ" አለች።

"ቆመን ነው የምንናገረው እናቴ" አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ ደረቷን ያዘች። "ማን ሞተብኝ?" ብላ ጮኸች። የበሩን መቃን ተደገፈች። መርዶ ነጋሪ መስለናት ነው። እንዲህ ለብሶ፣ በዚህ ሰዓት፣ አልቀመጥም ብሎ የሚቆም ሌላ ማን አለ?

ከውስጥ የዳኛው ድምፅ መጣ። "እማ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ሌላ ማን አለሽ የሚሞትብሽ?"

ጎሚስታው ደግፎ አስቀመጣት። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ከዛ በኋላ ቀልዴ ከአፌ ተንኖ ጠፋ፤ ጋሼም ወጉን ትተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ" አሉት፣ "ያለህን አንድ ነገር እንድንጠይቅህ ልከውናል። ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ቁም ነገር ነው ብለውኛል።"

ዳኛው እኔን አየኝ። ነገርኩት። አዲስ እትም እንደወጣ፣ ዳይሱ እንደቀለለ፣ ስልክ ላይ እንደሆነ፣ ተማሪው እንዳነበበው። የት እንደሚሆን ግን አልነገርኩትም። በልቤ "እንመካከርበት በል፣ እንመካከርበት በል" እለዋለሁ። ዓይኔን ጠቀስኩለት። የገባው መሰለኝ።

"ሰውዬ ሲቆስልስ?" አለ።

"አንድ ሌሊት ከተኛ ይድናል።"

"ሁሉ ቁስል?"

"እንደዛ ነው የሚለው።"

ጣራውን አየ። "ጥሩ መጽሐፍ ነው" አለ። ቀጠለና "እሺ" አለ።

"እሺ ማለት... መቼ እንመለስ?" አልኩት።

"እሺ ማለት እሺ ነው። ይሁን።"

ጋሼ ራሳቸው ደነገጡ። "ልጄ፣ እንደ ወጉ ከሆነ'ኮ ትንሽ ታስብበታለህ፤ እኛም እንመላለሳለን፤ መመላለሱ ክብር ነው።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ። "ለቡ ሩቅ ነው። ለአንድ እሺ ስንቴ ትመላለሳላችሁ?"

እናቱን ከትራሱ ሥር የዳይሱን ከረጢት እንድታወጣ ነገራት። ተቀብሎ መዘነው፣ አልከፈተውም፣ ለጎሚስታው ሰጠው። "ባለ ሃያዋ አንድ ጠርዟ ተበልቷል" አለው። "አራት ታበዛለች። ንገረው ለልጁ፣ በሷ እንዳይፈርድባችሁ።" ጎሚስታው በሁለት እጁ ተቀበለው። ጋሼ መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እናትየው ብቻ ናት አሜን ያለችው።

ውጭ ስንወጣ ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ትንሽ ተራመዱና ቆሙ። "በአንድ ቃል እሺ ካለ ቤት ደስ ብሎኝ ወጥቼ አላውቅም" አሉ። "ልጅቷን የሚወዳት ሰው ይከለክላል። ወይ ጠልቷታል፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል።"

ተማሪው ከሱቁ ሮጦ መጣ። "ምን አለ?"

"እሺ አለ።"

"አላልኳችሁም!" አለና ፊታችንን አየ። ከረጢቱን ሲቀበል ከዛ በላይ አላወራም።

በቀጣዩ እሁድ ጎሚስታው ጋ፣ ጎማ መሐል፣ አዲሱን ተጫወትን። እውነቱን ልናገር፤ አዲሱ ይሻላል። ፈጣን ነው፣ ግልጽ ነው፣ ማንም ተራውን ሲጠብቅ አያዛጋም። መጽሐፉ ምንም ጥፋት የለበትም። አዲሱ ሰውዬዬን ጅብ የመሰለ ነገር ሆዱን ዘረገፈው፤ ጎኑን ደግፌ "አለቀልኝ፣ ተሸከሙኝ" ስል፣ ተማሪው "ተኛ፣ ነግቷል፣ ድነሃል" አለኝ። ዳንኩ። ለጎሚስታውም ሰውዬው ሳይጸልይ ኃይል ተሰጠው፤ ኃይሉን ሲጠቀም አንገቱን ደፍቶ ነው፣ እንደ ሌባ።

"አዳራሽ ውስጥ ገባችሁ" አለ ተማሪው።

"ግድግዳው ምን ቀለም ነው?" አልኩት።

"ምን?"

"ግድግዳው።"

"እኔ እንጃ... ግድግዳ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?"

ጎሚስታው ከመዶሻው ጋር መጫወት ጀመረ። ማናችንም ምንም አላደረግንም።

ከዛ በኋላ ያለውን እሁድ እኔ ብቻዬን ለቡ ሄድኩ። ዳኛው ሬዲዮ ያዳምጣል። ሲያየኝ ቀነሰው።

"ተሳስተሃል" አለኝ፤ "ጨዋታው ጎፋ ነው።" ቦታውን ማንም አልነገረውም ነበር።

"ሰውዬዬን አንተ ጋ ረስቼው ነው። ባለፈው ያቆምንበት ዋሻ ውስጥ፣ የብረቱ በር ላይ ትተኸዋል። ቆሞ ቀረ'ኮ፣ እግሩ አበጠ።"

"ዳይስ የለም።"

"በአፌ እጥላለሁ።"

"አንተ? አንተን ማን ያምናል? ትሪ ላይ የወደቀ አራት አስራ ስምንት ነው ብለህ የምትምል ሰው!" ደረቱ ላይ ትሪ የለም፤ ቢኖር ይነቃነቅ ነበር። "እሺ፣ ቁጥር ጥራ እስቲ። ሃያ ልትል ነው፣ አውቅሃለሁ።"

ሃያ ካልኩ በሩ ይከፈታል። ከበሩ ኋላ የታሪኩ መጨረሻ እንደሆነ ከመውደቁ በፊት ጀምሮ ሲነግረን ነበር።

"ሶስት" አልኩት።

አየኝ። ብዙ አየኝ። "በሩ አልተከፈተም" አለ።

"እንግዲያው እሁድ እንደገና እሞክራለሁ።"

በሌላኛው እሁድም ሶስት ጣልኩ። በትከሻዬ ገፋሁት፣ ሶስት። በድንጋይ፣ ሶስት። አንድ ጊዜ በሩን ላታልለው ብዬ "መብራት ኃይል ነን፣ ቆጣሪ ልናነብ ነው" አልኩት። ዳኛው እስኪያስለው ሳቀ፤ እናትየው ከውጭ ሮጣ ገባች። ያም ሶስት ሆነ። አገር የሚያውቀኝ ጉረኛ፣ በዕድሜዬ እንደዛ ወርጄ አላውቅም።

ክረምት ሲገባ ቁስሉ ባሰበት። እርጥበቱ ነው መሰለኝ። ትኩሳት ይመጣል ይሄዳል፤ ጉንጩ ገባ፤ ቃል መሐል ላይ ያቆምና የት እንደደረሰ ይጠይቀኛል። ጎሚስታው በሳምንቱ መሐል እየመጣ ይጸልይለታል፤ ከገንዳው የወጣ እጁን በግንባሩ ላይ ያደርጋል። ተማሪው እናትየው ስልክ ላይ ደውሎ "እንዴት አደረ?" ይላል፤ አይመጣም። አልፈርድም ብያለሁ።

ባለፈው እሁድ ስሄድ እናትየው ደጅ ላይ ልብስ እየዘፈዘፈች ነበር። "ዛሬ አታድክመው ልጄ" አለችኝ። ገባሁ። ሬዲዮው ጠፍቷል። ሽታው አለ። ዓይኑን እንደጨፈነ ነው።

"ጣል" አለኝ።

"ሶስት።"

"ሰው ሁልጊዜ ሶስት አይጥልም።"

"ዕድሌ ነው። ምን ላድርገው?"

"ዛሬ እኔ እጥልልሃለሁ።"

"ዳኛ ለተጫዋች አይጥልም! ህጉ ነው!"

"ህጉን ማን ጨመረው?" አለ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን አወጣ፣ ምንም ያልያዘ መዳፉን አወዛወዘ፣ ባዶውን አልጋው ላይ በተነ። "ሃያ" አለ። "በሩ ተከፈተ።"

አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ አጣሁ። እኔ!

"ውስጡ ምን አለ?" አልኩት በመጨረሻ።

"ምንም። ባዶ ክፍል ነው። ወርቅም የለ፣ ዘንዶም የለ። አለቀ። ሂድ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወት። እሁድህን አታቃጥል።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ብሄድ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ያውም ራሱ ዳኛው ፈርዶልኛል። ተነስቼ ጃኬቴን ለበስኩ። በሩ ጋ ስደርስ፣ ተማሪው ኔትወርክ አለ ይልበት የነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ።

"ግድግዳው ምን ቀለም ነው?" አልኩት።

ዓይኑን አልከፈተም። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።

"አልተቀባም" አለ በኋላ። "ጥሬ ብሎኬት ነው።"

ያን ሁሉ ዓመት፣ በስንት ዋሻና በስንት ቤተ መንግሥት ስንዞር፣ ያልተቀባ ግድግዳ ነግሮን አያውቅም። ጃኬቴን አወለቅኩ።

"እንግዲያው ሰውዬዬ ይቀባዋል።"

"አይችልም። ሳይለሰንና ስቱኮ ሳይበላ ቀለም አይዝም።"

"ስቱኮ ይበላላ።"

"ስቱኮ አለው?"

"የለውም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ ለክረምቱ እርጥበት የለጠፈችበትን ላስቲክ እያየ ብዙ ቆየ።

"ሄዶ ይፈልጋ" አለኝ።